የተጫነ ካያክ የሚጎትት ጋሪ፦ ምርጫ፣ ስህተትና ማሻሻያ

ሥራው፦ የ2 ሌሊት ዕቃ የተጫነበትን ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ)፣ ዕቃው ሳይራገፍ፣ ከውሃ ወደ ውሃ የሚያሻግር ጋሪ ማዘጋጀት።

ካያኩ የፕላስቲክ ነው። ርዝመቱ 4.4 ሜትር፣ ወርዱ 61 ሳ.ሜ.፣ ባዶ ክብደቱ 25 ኪሎ ነው። ድንኳን፣ ምግብ፣ 8 ሊትር ውሃ፣ መቅዘፊያና ጃኬት ሲጨመር 60 ኪሎ ይሞላል።

መንገዱ ሜሪላንድ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄደው የቺሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው። ቦዩ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ሲሆን 74 ሎኮች፣ ማለትም ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ በር ያላቸው የድንጋይ ገንዳዎች ተሠርተውለታል። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ክፍል ከቫዮሌትስ ሎክ (ማይል 22.1) በፔኒፊልድ ሎክ (ማይል 19.6) አልፎ ስዌንስ ሎክ (ማይል 16.6) የሚደርሰው ነው። እዚህ ሎኮቹ ለካያክ አይከፈቱም። ከውሃው መውጣት፣ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ በሚጎትቱበት የቦይ ዳር መንገድ መሄድ፣ ከሎኩ ማዶ ተመልሶ መግባት ግድ ነው። መንገዱ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ የዛፍ ሥርና ጭቃ አለበት።

ሳምንት 1፦ ከግዢ በፊት መመዘን

ጋሪው ላይ የተጻፈው "90 ኪሎ ይችላል" የሚል ቁጥር ጎማው ከዛፍ ሥር ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን አይናገርም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የራስ ጭነት ነው፦ ስንት ኪሎ እንደሆነና ክብደቱ የካያኩ የትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ።

አለካኩ ቀላል ነው። የተጫነውን ካያክ በ3 ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ማሳረፍና ከእያንዳንዱ ሥር የሰው ሚዛን ማድረግ። አንድ ሚዛን ብቻ ካለ ተራ በተራ ይለካል። በሌላው በኩል ግን ሚዛኑን የሚያክል ውፍረት ያለው ጣውላ ይደረግ፤ አለዚያ ካያኩ ያዘነብልና ቁጥሩ ይዛባል። ከዚያ የፊተኛውን ቁጥር በ3 አባዝቶ ለድምሩ ማካፈል ነው። የሚገኘው ውጤት የሚዛን ነጥቡ፣ ማለትም ካያኩ በአንድ ድጋፍ ሳያጋድል የሚቆምበት ቦታ፣ ከኋለኛው መደገፊያ ምን ያህል ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል።

የመጀመሪያው ልኬት፦ ፊት 24 ኪሎ፣ ኋላ 36 ኪሎ። 24 × 3 ÷ 60 = 1.2 ሜትር። የኋላው መደገፊያ ከጭራው ጫፍ 70 ሳ.ሜ. ላይ ስለነበር የሚዛን ነጥቡ ከጭራው 1.90 ሜትር ላይ ወደቀ። የካያኩ መሃል 2.20 ነው። 30 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ ያጋደለ ጭነት ማለት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የኋላው ዕቃ ክፍል ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ነገር እዚያ ይታጨቃል።

እንደገና ተጫነ። የ8 ሊትሩ ውሃ ከጭራው አካባቢ ወጥቶ ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ግድግዳ ሥር ተቀመጠ፤ 80 ሳ.ሜ. ወደፊት መጣ ማለት ነው። 5 ኪሎ ምግብ ከኋላ ክፍል ወደ ፊት ክፍል ተዛወረ። አዲሱ ልኬት ፊት 29.8፣ ኋላ 30.2 ሆነ። የሚዛን ነጥቡም 2.19 ሜትር፣ መሃሉ ላይ ማለት ይቻላል። ምንም ሳይገዛ ከተገኙት ማሻሻያዎች ትልቁ ይሄ ነው።

ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ የነዳ ሰው ይህን ያለ ሚዛን ያውቀዋል። ተሳፋሪው ወደ ኋላ ከበዛ ሞፈሮቹ ተነስተው የፈረሱን ሆድ ማሰሪያ ወደ ላይ ይጎትታሉ፤ ወደፊት ከበዛ ጀርባው ላይ ይከብዱታል። ባለጋሪው "እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉ" የሚለው ለዚህ ነው። እዚህ ፈረሱ ካያኩን የሚጎትተው ሰው ነው።

ሳምንት 1፣ መጨረሻ፦ የትኛው ዓይነት ጋሪ?

ሦስት ዓይነት ቀርቦ ነበር።

የጭራ ጋሪ፦ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጭራው ሥር ይገባል። ለባዶ ካያክ ጥሩ ነው። በእኛ ጭነት ግን ሲሰላ፣ አክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ) ከጭራው 40 ሳ.ሜ. ላይ ሆኖ የፊት እጀታው 4.30 ላይ ሲያዝ፣ እጅ ላይ የሚያርፈው 27.5 ኪሎ ነው። ይህን ይዞ 100 ሜትር መሄድ ይቻል ይሆናል፣ 3 ማይል ግን አይሞከርም። ቀረ።

በቀዳዳ የሚገባ ጋሪ፦ ላዩ ላይ ለሚቀመጡበት ክፍት ካያክ የተሠራ ነው፤ ሁለት ዘንጎቹ በውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰካሉ። የእኛ ካያክ ዝግ ስለሆነ ከነጭራሹ አይመለከተውም። ክፍት ካያክ ያላቸው ግን ይህን ይወቁ፦ ጭነቱ በሙሉ በሁለቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ስለሚያርፍና ዘንጎቹ በሄዱ ቁጥር ስለሚነቀንቋቸው፣ ከባድ ጭነት ሲኖር ፕላስቲኩ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሥር ስለሆነ ውሃ እስኪገባ አይታይም።

የመሃል ጋሪ፦ የሚዛን ነጥቡ አጠገብ ገብቶ በቀበቶ ይታሰራል። የተመረጠው ይሄ ነው። አክስሉ ከሚዛን ነጥቡ 15 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ፣ ማለትም ከጭራው 2.04 ሜትር ላይ ሲሆን፣ እጅ ላይ የሚያርፈው 4 ኪሎ ብቻ ነው።

ለምን 15? ለምን ዜሮ አይሆንም? የጭነቱ ሚዛን ነጥብ ከአክስሉ 32 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አቀበት ሲወጣ ካያኩ ሲያዘነብል ያ ነጥብ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በ10 ዲግሪ አቀበት 5.5 ሳ.ሜ. ገደማ። አፍንጫውን ወደ እጅ ቁመት ማንሳቱ ራሱ ሌላ 2 ሳ.ሜ. ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ 5 ሳ.ሜ. ብቻ ቢሆን ኖሮ አቀበቱ ላይ ጭራው መሬት ይመታ ነበር።

የተገዛው፦ ሁለት የአሉሚኒየም እግሮች በአንድ የአክስል ቱቦ የተያያዙበት፣ የሚታጠፍ፣ መቆሚያ እግር ያለው፣ 25 ሳ.ሜ. የአየር ጎማ ያለው ጋሪ። 68 ዶላር፣ 4.1 ኪሎ። መቆሚያ እግር የሌለው አይገዛ፤ ብቻውን የሚጭን ሰው ጋሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝለት ሌላ እጅ የለውም።

ሳምንት 2፦ የመጀመሪያው ጉተታ

ሙሉ ጭነት፣ ጠጠር መንገድ፣ 150 ሜትር። ጋሪው አብሮት በመጣው አንድ ቀበቶ ታስሯል።

ጋሪው 22 ሳ.ሜ. ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እጅ ላይ የነበረው 4 ኪሎ 9 ኪሎ ሆነ።

መንስኤው ቀበቶው መላላቱ ይመስላል፤ መላላቱ ግን ውጤት ነው። ጎማው ሥር ወይም ድንጋይ ሲነካ ጋሪው ይቆማል፣ ካያኩ ግን እየተጎተተ ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ጋሪው በእያንዳንዱ ግጭት ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። ካያክ ደግሞ ወደ ጭራው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ጋሪው ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ጠብቆ የነበረው ቀበቶ ይላላል። ከዚያ በኋላ መንሸራተቱ ይፋጠናል።

መጀመሪያ የተሞከረው ቀበቶውን በራቼት (እጀታው ሲመላለስ ቀበቶ በሚያጠብቅ መሣሪያ) ማጥበቅ ነበር። ይህ ስህተት ነው። ራቼት ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ የፕላስቲኩን ጎን ወደ ውስጥ አጎበጠው፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። የጎበጠው ጎን በማግስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ራቼቱ ግን ወደ መኪናው ጣሪያ ዕቃ ሄደ።

የሠራው መፍትሔ ይህ ነው፦

25 ሚ.ሜ. ወርድና 3.6 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀበቶዎች፣ በእጅ ተስበው የሚያዙ ዘለበት ያላቸው። አንዱ ከጋሪው እግሮች በፊት በኩል፣ አንዱ በኋላ በኩል። የእነሱ ሥራ ካያኩን ወደ ታች መያዝ ብቻ ነው።

መንሸራተቱን የሚይዘው ገመድ ነው። 6 ሚ.ሜ. ፖሊስተር ገመድ ከጋሪው እግር ሥር፣ ከአክስሉ አጠገብ ተነስቶ፣ ወደፊት ሄዶ በመቀመጫው ጉድጓድ ከንፈር የፊት ጠርዝ ላይ ይዞር፣ በሌላው ጎን ተመልሶ ይታሰር። ጋሪው ወደ ኋላ ሊቀር ሲል ከንፈሩ ይይዘዋል። ናይሎን ገመድ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ በ200 ሜትር ውስጥ ይረግባል። ሌላ አጭር ገመድ ደግሞ ወደ ኋላ ይታሰራል፤ ቁልቁለት ላይ ካያኩ ወደ ኋላ ሲያዝ ጋሪው ወደፊት እንዳይሸሽ።

ድጋሚ ሙከራ፣ ያው 150 ሜትር፣ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ። የተንሸራተተው 1 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ብዙ ሰው ጋሪው ሲያስቸግረው መጀመሪያ ጎማ ይቀይራል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህ ገመድ ነው፤ ዋጋው 9 ዶላር ነው።

ሳምንት 3፦ አክስሉ

ከ150 ሜትሩ ሙከራ በኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ መሰሉ። ቀጥ ያለ ጣውላ ሲጠጋበት የአክስሉ ቱቦ ከሁለቱም እግሮች ውጭ ጎብጧል።

ቱቦው 16 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ሲሆን ግድግዳው 1.5 ሚ.ሜ. ነው። ጎማው ከእግሩ 6 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ይወጣል። ቆሞ ሲሆን ይችላል፤ ከአስፋልት ጠርዝ ሲወርድ ግን ጭነቱ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ይጎብጣል።

በምትኩ 5/8 ኢንች (15.9 ሚ.ሜ.) ድፍን የብረት ዘንግ። እግሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ልክ ይገባል። በ91 ሳ.ሜ. ይሸጣል፣ 17 ዶላር።

ዘንጉ ከተገዛ አይቀር ጎማዎቹን ማራራቅ ጥሩ መስሎ ታየ። የመጀመሪያው የጎማ ርቀት 46 ሳ.ሜ. ስለነበር፣ ወደ 60 ለማስፋት ዘንጉ 70 ሳ.ሜ. ተቆረጠ። ይህ ነው የሳምንቱ ስህተት። እግሮቹ በቦታቸው ስላሉ የሚረዝመው ከእግር ውጭ ያለው ክንድ ነው፤ ከ6 ወደ 13 ሳ.ሜ.። በዘንጉ ላይ የሚያርፈው የማጉበጥ ኃይል ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከ15 ሳ.ሜ. ጠርዝ ላይ አንዴ ሲወርድ ድፍኑ ብረት 4 ሚ.ሜ. ጎበጠ። ሌላ 17 ዶላር።

ሁለተኛው ዘንግ 64 ሳ.ሜ. ተቆረጠ። የጎማ ርቀት 54፣ ክንዱ 10 ሳ.ሜ.። ከዚያው ጠርዝ ላይ አሥር ጊዜ ወርዶ ቀጥ እንዳለ ነው።

ማስፋቱ ያስገኘውም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም። የጭነቱ ሚዛን ነጥብ ከመሬት 45 ሳ.ሜ. ላይ ሲሆን ጋሪው በ46 ርቀት 27 ዲግሪ ሲያዘነብል ይገለበጣል፤ በ54 ደግሞ 31 ዲግሪ ላይ። በካያኩ ጀርባ ላይ የታሰረውን ከረጢት አውርዶ ከባዱን ዕቃ ሆዱ ላይ አስተኝቶ ነጥቡን 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ማድረግ ሌላ 3 ዲግሪ ይጨምራል፣ ያውም በነጻ።

የዘንጉ አሠራር፦ በሰጌቶ ተቆርጦ ጫፎቹ በሞረድ ይስተካከላሉ። ለማገጃ ፒን 6 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ያስፈልጋል። ክብ ብረት ላይ የትራፓኖ ፑንታ ይሸሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሞረድ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ማውጣት፣ በጠንካራ ምስማር ነጥብ መምታት፣ በ3 ሚ.ሜ. መጀመር፣ ከዚያ በ6 መጨረስ፣ ዘይት እየጠበጠቡ። እግሮቹ በዘንጉ ላይ እንዳይንሸራተቱ በሁለቱም ጎናቸው በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት ይገባል። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ መገናኛው ግሪስ ይቀባ።

ሳምንት 4፦ ጎማና ማረፊያ

ከጋሪው ጋር የመጣው ጎማ ኩሽኔታ የለውም፤ ፕላስቲክ በዘንግ ላይ ይሽከረከራል። አሸዋ ሲገባበት ይበላል፣ ጎማው ይወላገዳል። በዕቃ መግፊያ ጋሪ ላይ የሚገጠመው 4.10/3.50-4 የሚባለው ጎማ ለ5/8 ዘንግ ኩሽኔታ ያለው ስለሆነ ተመረጠ። ቁመቱ 26 ሳ.ሜ.፣ አንዱ 14 ዶላር። ከመነዳሪ አለው።

የብስክሌት 16 ኢንች ጎማም ታስቦ ነበር። ትልቅ ጎማ እንቅፋት ይንቃል። 3 ሳ.ሜ. ሥር ለማለፍ በ25 ሳ.ሜ. ጎማ የጭነቱን 85 ከመቶ የሚያክል ስበት ለቅጽበት ሲጠይቅ በ40 ሳ.ሜ. ጎማ 62 ከመቶ ነው። ችግሩ ካያኩ ላይ ሲጫን ነው፤ ንፋስ ይይዘዋል፣ ጀርባ ላይ አይተኛም። እንደ አሳቲግ ደሴት ባለ ልቅ አሸዋ ላይ ለሚሄዱ ግን ሁለቱም አይሠሩም። እዚያ የሚያስፈልገው 30 ሳ.ሜ. ያለው፣ ሰፊና ለስላሳ፣ እንደ ፊኛ የተነፋ ጎማ ነው፤ አሸዋውን አይቀድም፣ በላዩ ይሄዳል።

የአየር ግፊት፦ ጎማው ላይ የተጻፈው ጣሪያ 30 ፒኤስአይ ነው። በዚያ ልክ ከተነፋ ጋሪው በጠጠር ላይ እንደ ኳስ ይዘላል። በ15 ጥሩ ሄደ። ጭቃ ላይ 10። ከ8 በታች ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የከመነዳሪውን አፍ ይቀድደዋል። አንዱ በዚህ ተበላሽቷል።

ማረፊያው፦ ካያኩ የሚተኛበት ሁለት ቱቦ ስፖንጅ ለብሶ ነው የመጣው። ስፖንጁ በአንድ ቀን ተዳምጦ ወረቀት ሆነ፣ ተጠማዘዘም። በቦታው 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ፣ 9 በ32 ሳ.ሜ. ሁለት ተቆርጦ፣ በዩ ቅርጽ ቡሎን ቱቦው ላይ ታሰረ፤ በላዩ 25 ሚ.ሜ. ውሃ የማይመጥ ፎም በማስቲሽ ተለጠፈ። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ እጅ ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ ይደርቅ፣ ከዚያ ብቻ ይገጣጠም። ካያኩን የሚነካው ስፋት ከ100 ካሬ ሳ.ሜ. ገደማ ወደ 576 አደገ። የዳዶው ጫፍ ወደ ታች መሆኑ ይረጋገጥ። ጭነት ያለበት ካያክ ጋሪው ላይ አይደር፤ በሙቀት ሆዱ ይሰረጉዳል።

ሳምንት 5፦ ከፔኒፊልድ እስከ ስዌንስ፣ 3 ማይል

ሙሉ ጭነት፣ ከዝናብ ማግስት። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ።

ካያኩ ላይ 2.04 ሜትር ላይ ባለቀለም ፕላስተር ተለጥፎ ነበር፤ ጋሪው ሁልጊዜ እዚያ ይገባል። የአጫጫኑ ቅደም ተከተል፦ ጋሪው በመቆሚያው ከጭራው ኋላ ይቆማል፣ ፎሙ በውሃ ይርሳል፣ ጭራው ተነስቶ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው ተሂዶ ካያኩ ተነስቶ እስከ ምልክቱ ይገፋል። ፎሙ ካልረሰ ጋሪው ይገለበጣል። ቀጥሎ ገመዶቹ፣ በመጨረሻ ቀበቶዎቹ። ቀበቶ ቀድሞ ከጠበቀ ገመዱን ማስተካከል አይቻልም።

1 ማይል ከተሄደ በኋላ የአንዱ ጎማ ማገጃ ፒን ወደቀ። ሣር ጎትቶ ያወጣው ተራ ፒን ነበር። ቀለበቱ ተመልሶ ዘንጉን በሚቆልፍ ዓይነት ተተካ፤ በጎማውና በፒኑ መሃል ደግሞ ሁለት ሮንዴላ ገባ። መለዋወጫ ፒን የግድ ነው፤ ሣር ውስጥ የወደቀ ፒን አይገኝም።

ሎኩ አጠገብ ያለው ቁልቁለት አጭር ነው፣ ግን 60 ኪሎ ይገፋል። ከፊት ሆኖ መውረድ አደገኛ ነው። ከጭራው ገመድ ይዞ ከኋላ እየተከተሉ፣ አፍንጫውን አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል። በዚህ ጊዜ አፍንጫው 4 ኪሎ ስለሚከብድ መሬት እንዳይጭር ጭራው ወደ ታች ይጫን።

እጅ ቶሎ ይደክማል፣ ክብደቱ ሳይሆን አያያዙ። ከአፍንጫው እጀታ በትከሻ የሚያልፍ 5 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው አሮጌ የቦርሳ ማንገቻ ታሰረ፤ ስበቱን ትከሻ ወሰደ፣ እጅ አቅጣጫ ብቻ ይይዛል።

ሳምንት 6፦ ውሃ ላይ

26 ሳ.ሜ. ጎማ በክብ ክዳን ውስጥ አይገባም። ጎማዎቹ ወልቀው ከመቀመጫው ጀርባ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ የታጠፈው ጋሪ በላያቸው፤ በሁለት ቀበቶ ይታሰራሉ። ዘንጉ 1 ኪሎ ስለሆነ ወደ ውስጥ፣ ከመጠጥ ውሃው አጠገብ ገባ። የወለቀ ጎማ ሲገጠም በቦታው እንዲመለስ ዘንጉና ጎማው ላይ "ግ" እና "ቀ" ተጽፏል፤ ኩሽኔታው በለመደው ጎን ይሂድ።

ጋሪው አሁን 7 ኪሎ ነው፤ 2.9 ኪሎ ጨምሯል። ይህ ለካያክ ቀላል አይደለም፣ ግን አንዱንም መቀነስ አልተቻለም።

ወጪ በዶላር፦ ጋሪ 68፣ ሁለት ጎማ 28፣ ዘንግ 17፣ የጎበጠው ዘንግ 17፣ ፒንና ቀለበቶች 11፣ ቀበቶዎች 16፣ ኮምፔንሳቶ፣ ፎም፣ ቡሎንና ማስቲሽ 27፣ ገመድ 9። ድምር 193።

በውሃ መከላከያ ከረጢት የሚሄድ መለዋወጫ፦ 2 ማገጃ ፒን፣ 4 ሮንዴላ፣ 1 ከመነዳሪ፣ ትንሽ የብስክሌት ፖምፓ፣ የ13 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ 3 ሜትር ገመድ። ቀጣዩ ሥራ የመቆሚያውን እግር ጫፍ ማስፋት ነው፤ ጭቃ ላይ ይሰምጣል፣ 8 ሳ.ሜ. ክብ ጣውላ ይበቃዋል።